ፀሐይና ሰዓት ሲለያዩ፦ ለጅግጅጋ ሰማይ የሚስማማ የፀሐይ ሰዓት

የፀሐይ ሰዓት ጊዜን የሚናገረው በጥላ ነው። ቀጥ ብሎ የተተከለ ዘንግ ጥላው ከሰሜን ወደ ደቡብ በተሰመረ መስመር ላይ ሲያርፍ ለዚያ ቦታ እኩለ ቀን ሆኗል። ጅግጅጋ ላይ ይህን ቅጽበት የሚጠብቅ ሰው ጥቅምት 24 ቀን የእጅ ሰዓቱን ቢመለከት ለ6 ሰዓት 8 ደቂቃ ገደማ ይቀረዋል፤ የካቲት 4 ቀን ቢመለከት ግን 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ሆኖ ያገኘዋል። ዘንጉ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሰዓቱም አልተዛባም። የ31 ደቂቃው ልዩነት የመጣው ከምድር ከራሷ አካሄድ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት «የጊዜ እኩልዮሽ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ከእጅ ሰዓት ጋር የሚስማማ የፀሐይ ሰዓት ለመንደፍ የሚነሣ ሰው ሥራው ከዚህ ይጀምራል።

የጅግጅጋ ነዋሪ ስሙን ባያውቀውም ልዩነቱን ያውቀዋል። የዙህር ሶላት ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከሰማይ አናት ዘንበል ስትል ስለሆነ የሶላት ሰሌዳው ዓመቱን ሙሉ ከፀሐይ ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። በጥቅምት መጨረሻ ፀሐይ አናትን የምታልፈው 6 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ጨርቅ ነጋዴው በዕቃው ላይ ሸራ ጣል አድርጎ ሲነሣ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ጥላ ፈልጎ ሲቆም፣ ሻይ የምትቀዳው ሴት ጀበናና ብርጭቆዋን ወደ ጥግ ስትሰበስብ የግድግዳው ሰዓት ገና 6ን አልመታም። በየካቲት መጀመሪያ ግን ያው ወቅት የሚገባው ለ6 ተኩል ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰሌዳውን ያሰላው ሰው ወይም የስልክ ፕሮግራም የጊዜ እኩልዮሽን ለእያንዳንዱ ቀን አስገብቶበታል። ከተማዋ በየዕለቱ የምትሠራበትን ይህን ስሌት የፀሐይ ሰዓት ነዳፊ በድንጋይና በብረት ላይ ያሰፍረዋል።

የልዩነቱ መነሻ

መነሻዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ምህዋር ሞላላ መሆኑ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ምድር ለፀሐይ ትቀርባለች፤ ርቀቱ 147.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ፍጥነቷም በሴኮንድ 30.3 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሰኔ መጨረሻ ርቀቱ ወደ 152.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ፍጥነቷ ወደ 29.3 ዝቅ ይላል። ምድር ስትፈጥን በአንድ ቀን ውስጥ በምህዋሯ ላይ ብዙ መንገድ ስለምትሄድ፣ ፀሐይን እንደገና አናት ላይ ለማግኘት በዛቢያዋ ላይ ትንሽ ጨምራ መዞር አለባት። ስለዚህ በዚያ ወቅት ከእኩለ ቀን እስከ እኩለ ቀን ያለው ጊዜ ይረዝማል። ይህ ምክንያት ብቻውን በዓመት አንድ ጊዜ የሚመላለስ፣ ወደ ሁለቱም ወገን 7 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ የሚደርስ ልዩነት ይፈጥራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበረታል። የምድር ዛቢያ 23.44 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ ፀሐይ በሰማይ የምትጓዘው ከምድር ወገብ ትይዩ ሳይሆን በሰያፍ ነው። የቀንና የሌሊት እኩሌታ በሚሆንባቸው ወራት ከእርምጃዋ ከፊሉ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይባክናል፤ በሰኔና በታኅሣሥ ግን እርምጃዋ በሙሉ ወደ ምሥራቅ ነው። ይህኛው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን ወደ 10 ደቂቃ ይጠጋል።

ሁለቱ ሲደመሩ ወጣ ገባ ያለ መስመር ይወጣል። ፀሐይና አማካዩ ሰዓት የሚገናኙት ሚያዝያ 7፣ ሰኔ 6፣ ነሐሴ 26 እና ታኅሣሥ 16 አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ፀሐይ ትቀድማለች ወይም ትዘገያለች። በእንቁጣጣሽ ከ3 ደቂቃ ትንሽ በላይ ትቀድማለች፤ በመስቀል ቅድሚያዋ 9 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ጥቅምት 24 ቀን 16 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ደርሶ ይመለሳል። በጥምቀት 11 ደቂቃ ገደማ ዘግይታ ትገኛለች፤ የካቲት 4 ቀን መዘግየቷ 14 ደቂቃ ከሩብ ይሆናል። በግንቦት 6 አካባቢ እንደገና 3 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ትቀድማለች። የክረምቱ መዘግየት ጫፍ የሚወድቀው ሐምሌ 19 ቀን፣ ከጅግጅጋ በስተ ምዕራብ በሐረርጌ ደጋ ላይ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በሚከበርበት ዕለት ነው፤ በዚያን ቀን ፀሐይ 6 ደቂቃ ተኩል ወደኋላ ትቀራለች።

በቀንና በሌሊት ርዝመት ላይ ብዙ ሰው የሚያስተውለው አንድ እንቆቅልሽም የሚፈታው በዚህ ነው። በዓመቱ አጭሩ ቀን ታኅሣሥ 12 ገደማ ይውላል። ጅግጅጋ ላይ ግን ፀሐይ ቀድማ የምትጠልቀው በኅዳር የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ፣ 11 ሰዓት ከ44 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ አርፍዳ የምትወጣው ደግሞ በጥር 20 ገደማ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ31 ደቂቃ አካባቢ ነው። የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም፤ ረጅሙ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ያህል ነው። ለውጡ ትንሽ ስለሆነ የጊዜ እኩልዮሽ ያሸንፈዋል፤ የፀሐይን መውጫና መጥለቂያ ከወር በላይ ይገፋዋል። በረመዳን የማፍጠሪያ ሰዓት በአንዳንዱ ዓመት ከቀን ወደ ቀን ሊገመት በማይችል መንገድ የሚንቀሳቀስ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ከ45 ዲግሪ በስተ ምዕራብ

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመጓዝ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ጅግጅጋ በ42.8 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከመነሻው 2.2 ዲግሪ፣ ማለትም 8 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ወደ ምዕራብ ነው። በድንበር ላይ ያለችው ቶጎ ውጫሌ 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ገደማ፣ ቀብሪ በያህ 7 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይደርሳቸዋል። ወደ ሰሜን ምዕራብ በሲቲ ዞን ልዩነቱ ይሰፋል፤ አይሻ ወደ 10 ደቂቃ ይጠጋል፣ ሽንሌ ከ12 ደቂቃ ተኩል በላይ ይሆናል። ስለዚህ ቶጎ ውጫሌ ላይ እኩለ ቀን ከሆነ 6 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው ሽንሌ ላይ የሚሆነው። አዲስ አበባ 25 ደቂቃ ወደኋላ ናት። ይህ ልዩነት ለአንድ ቦታ ቋሚ ስለሆነ ነዳፊው አንድ ጊዜ አስልቶ ይገላገለዋል። ችግር የሚሆነው ለአንዱ ከተማ የተሠራውን ገበታ ለሌላው መገልበጥ ነው።

ከመካ ጋር ያለው ዝምድናም እዚህ ላይ ይነሣል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ዓይነት ሰዓት ትጠቀማለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በቀጥታ ከካዕባ በላይ ትቆማለች፤ ግንቦት 20 አካባቢ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ ሐምሌ 9 አካባቢ ደግሞ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ። በእነዚያ ቅጽበቶች ጅግጅጋ ውስጥ ቀጥ ብሎ የተተከለ የ1 ሜትር ዘንግ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የሚሄደው አቅጣጫ ቂብላ ነው፣ ከሰሜን 13 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ። ቦታውም ፀሐይም ያው ሆነው በሁለቱ ሰዓቶች መካከል የ9 ደቂቃ ልዩነት የሚታየው ግንቦት ላይ ፀሐይ ስለምትቀድምና ሐምሌ ላይ ስለምትዘገይ ነው።

ጥላን የመቁጠር ልማድ

በዚህ አገር በጥላ ሰዓት መለየት አዲስ አይደለም። የግእዝ የባሕረ ሐሳብና የሥነ ፈለክ ድርሳናት የጥላን ርዝመት በእግር እየለኩ የቀኑን ሰዓት የሚያሳውቁ ሠንጠረዦች ይዘዋል፤ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የዕውቀት ዘርፍ መርምሯል። የጾመኛው 9 ሰዓትና የሙስሊሙ የአስር ሶላት በጥላ ሲለኩ እርስ በርስ የሚቀራረቡ ናቸው። በሻፊዒ መዝሀብ አስር የሚገባው የነገሩ ጥላ፣ የእኩለ ቀኑ ጥላ ሲቀነስለት፣ ከነገሩ ቁመት ጋር ሲስተካከል ነው። በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ጅግጅጋ ላይ የእኩለ ቀን ጥላ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጥላው ከዘንጉ ጋር እኩል የሚሆነው ፀሐይ አናትን ካለፈች ከ3 ሰዓት በኋላ፣ በእጅ ሰዓት 9 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ነው።

የሶማሌ አርብቶ አደሮችም ወቅትን በፀሐይና በከዋክብት ሲቆጥሩ ኖረዋል። ሙሳ ገላል በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሞቃዲሾ ላይ ያሳተመው ሥራ ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ከዋክብትና ስለ ወቅቶች የነበራቸውን ቃልና ልምድ መዝግቧል። በፋፈንና በሲቲ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበው የከረን ዝናብ መምጫ ዛሬም የሚጠበቀው በዚህ ቆጠራ ጭምር ነው።

ሰዓትን በእኩል ክፍል የሚከፍል የፀሐይ ሰዓት ደግሞ ከመስጊድ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ኢብን አል ሻጢር በደማስቆ የኡመያድ መስጊድ ወቅት ጠባቂ ሳለ በ1371 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የሠራው ትልቅ የእብነ በረድ ገበታ ዘንጉ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ነበር። ዛሬ የሚሠሩት ገበታዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ ዘዴ ይከተላሉ። የጊዜ እኩልዮሽን በጥሊሞስ በጥንት ዘመን ያውቀው ነበር፤ ለተራ ሰው አስፈላጊ የሆነው ግን ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 (እ.ኤ.አ.) የዥዋዥዌ ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሜካኒክ ሰዓቶች ስሕተት ከፀሐይ ልዩነት ይበልጥ ነበር። ሃይገንስ በ1665 (እ.ኤ.አ.) ሠንጠረዥ አወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ጆን ፍላምስቲድ አሻሻለው። ከዚያ ጀምሮ ሰዎች በፀሐይ ሰዓታቸው አጠገብ የማስተካከያ ሠንጠረዥ መለጠፍ ጀመሩ። ሠንጠረዡ ሳያስፈልግ ገበታው ራሱ ትክክለኛውን ሰዓት እንዲናገር ማድረግ የነዳፊዎች ሥራ ሆነ።

የ8 ቅርጽ መስቀለኛ ነጥብ

በአንድ ቦታ ላይ፣ በየቀኑ በአንድ ዓይነት የሰዓት ቅጽበት፣ የአንድ ዘንግ ጫፍ ጥላ የሚያርፍበት ነጥብ ዓመቱን ሙሉ ቢመዘገብ መሬት ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ ይወጣል። ይህ ቅርጽ አናሌማ ይባላል። ቁመቱ የሚመጣው ፀሐይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከመመላለሷ ነው፤ ስፋቱ የጊዜ እኩልዮሽ ነው። ትልቁ ሆድ የበጋው ወራት፣ ትንሹ ሆድ የክረምቱ ወራት ነው።

የ8ቱ ሁለት ሆዶች የሚቆራረጡት ፀሐይ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን በምትሆንበት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ ነው። በእነዚያ ቀናት ፀሐይ ከሰዓት የምትለየው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ነው። ጅግጅጋ የምትገኘው በ9.35 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። ሐረር 9.3፣ ድሬዳዋ 9.6፣ አዲስ አበባ 9.03 ናቸው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ወገብ ላይ በሚያልፈው በዚህ መስመር የአናሌማው መስቀለኛ ነጥብ ከአናት በላይ ያልፋል፤ ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 23 አካባቢ ጅግጅጋ ላይ በእኩለ ቀን ጥላ ይጠፋል፣ በዚያው ሰሞን ፀሐይና አማካዩ ሰዓት ይስማማሉ። ለንደን ላይ በ2 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ነጥብ የሚሥለው 8 መስቀለኛው ከዘንጉ ሥር 1 ሜትር ከ80 በላይ ይርቃል። ጅግጅጋ ላይ የሚርቀው ከአንድ ጣት ስፋት ያነሰ ነው። ይህን የመሰለ ገበታ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ምድር ማግኘት ይከብዳል፤ ዕድሉ ሳይሠራበት መቆየቱ ያስቆጫል።

ስፋቶቹን ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። በዘንጉ ጫፍ ፈንታ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ካለ በታኅሣሥ 12 የብርሃኑ ነጥብ ከሥሩ 1.29 ሜትር ወደ ሰሜን ያርፋል፤ በሰኔ 14 ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ደቡብ። ትልቁ ሆድ በሰፊው ቦታው 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ትንሹ ከ9 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ጥቅምት 24 ነጥቡ ወደ ምሥራቅ፣ የካቲት 4 ወደ ምዕራብ ይወጣል። ገበታው በእጅ ሰዓት ልክ 6 ሰዓት ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ ቅርጹ በሙሉ ወደ ምዕራብ 7.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይገፋል። የጅግጅጋን የራሷን አማካይ እኩለ ቀን እንዲያሳይ ከተፈለገ ሳይገፋ ይቀራል፤ ያኔ 8ቱ የሚነበበው ለ6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው መንገድ ይመረጣል፤ መስቀለኛው ከቀዳዳው ሥር የሚቀርበው በዚህ ብቻ ነውና።

ዘንጉ መሬት ላይ ቢተከል መስቀለኛውን ራሱ ይሸፍናል። ስለዚህ ነጥቡ የሚንጠለጠል መሆን አለበት፤ ከግድግዳ በወጣ የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ላሜራ፣ ወይም በበረንዳ ጣሪያ ላይ የተበሳ ክብ ቀዳዳ። በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ ጆቫኒ ካሲኒ በ1655 (እ.ኤ.አ.) በሳን ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ያሰመረው 67 ሜትር የሚረዝም መስመር የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በ2 ሜትር ከፍታ የፀሐይ ምስል ወለሉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በደቂቃ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ የምስሉ መካከል መስመሩን ሲያልፍ የሚጠብቅ ሰው ሰዓቱን ከሩብ ደቂቃ ባልራቀ ስሕተት ማንበብ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ግቢም ሆነ ማንኛውም ሰፊ በረንዳ ያለው ትምህርት ቤት ለዚህ ይበቃል።

ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ገበታ

የእኩለ ቀኑ 8 በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚናገረው። ከጠዋት እስከ ማታ የሚያገለግል ገበታ ለሚፈልግ፣ በአውሮፓ መጻሕፍት ላይ በብዛት የሚታየው ጠፍጣፋ ገበታ ለዚህ ኬክሮስ አይሆንም። ከአግድሙ 9.35 ዲግሪ ብቻ ከፍ የሚል ዘንግ ያለው ጠፍጣፋ ገበታ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያሉት መስመሮች በሙሉ በ18 ዲግሪ ተኩል ውስጥ ይጨናነቃሉ። ከእኩለ ቀን አንድ ሰዓት የሚርቀው መስመር ከመካከለኛው የሚለየው በ2.5 ዲግሪ ነው፤ ደቂቃ ለማንበብ ቦታ የለውም። ወደ ደቡብ በዞረ ግድግዳ ላይ የሚሣለውም የባሰ ነው። ከሚያዝያ 6 እስከ ነሐሴ 23 ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሰሜን በኩል ስለምትውል ግድግዳው ለአራት ወር ተኩል አንድም ጊዜ ፀሐይ አያየውም።

ለጅግጅጋ የሚስማማው የዋልታ ገበታ ነው። ሰሌዳው ራሱ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ሆኖ የሰሜኑ ጠርዝ 9.35 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ከሩቅ ሲታይ ተራ ጠረጴዛ ይመስላል። ዘንጉ ከሰሌዳው በላይ በተወሰነ ከፍታ፣ ከሰሌዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ይዘረጋል። የሰዓት መስመሮቹ በሙሉ ቀጥ ያሉና እርስ በርስ ትይዩ ናቸው። ዘንጉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ የመጀመሪያው ሰዓት መስመር ከመካከሉ 5.4 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 11.5፣ ሦስተኛው 20፣ አራተኛው 34.6፣ አምስተኛው 74.6 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ጀምሮ እኩለ ቀንን 6 ስለሚል ሰሌዳው በግራ ጫፍ 1፣ በመካከል 6፣ በቀኝ ጫፍ 11 ይይዛል። 12 ሰዓት በዚህ ገበታ ላይ ሊኖር አይችልም፤ ጥላው በዚያን ጊዜ ማለቂያ የለውም።

በዚህ ሰሌዳ ላይ የጊዜ እኩልዮሽን ለማስገባት በዘንጉ ላይ አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ ትንሽ ኳስ፣ ይደረጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ቀጥ ያለ መስመር በአናሌማ ቅርጽ ይተካል። ችግሩ የ8ቱ ስፋት ከግማሽ ሰዓት ስለሚበልጥ የሚያነበው ሰው በየትኛው ጎን ላይ እንዳለ ሊምታታበት ይችላል። መፍትሔው ሁለት ሰሌዳ መሥራት ነው። አንዱ ከታኅሣሥ 12 እስከ ሰኔ 14፣ ሌላው ከሰኔ 14 እስከ ታኅሣሥ 12 ይቀመጣል። እያንዳንዱ የ8ቱን ግማሽ ብቻ ስለሚይዝ ግራ የሚያጋባ ነገር አይኖርም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰሌዳ የሚለውጥ አንድ ኃላፊ ይበቃዋል።

ሌላው አማራጭ ግማሽ ቀለበት ነው። ከዛቢያው ጋር ትይዩ በሆነ ዘንግ ዙሪያ የታጠፈ ላሜራ ላይ ሰዓቶቹ በ15 ዲግሪ እኩል ርቀት ይቀመጣሉ፤ በረጅሙ ቀን ጫፍ ፀሐይ ከግማሽ ክብ ትንሽ ስለምታልፍ ቀለበቱ ወደ ሁለቱም ወገን 95 ዲግሪ ያህል ሊሆን ይገባል። እዚህ ላይ ማስተካከያው ቀለበቱን በዘንጉ ዙሪያ ማንሸራተት ብቻ ነው። ቀለበቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከራቀ አንድ ደቂቃ 1.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የዓመቱ ልዩነት በሙሉ 4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይገባል። ሁለት ብሎን ያለው ስንጥቅና የወራቱ ስም የተቀረጸበት ጠቋሚ ይበቃል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለሚያንሸራትት ትምህርት ቤት ይህ ከሁሉም ርካሹ ነው።

ማንሸራተትም ሳያስፈልግ እንዲሠራ ያደረገው ሰው የእንግሊዝ ጦር መኮንን የነበረው ጆን ራይደር ኦሊቨር ነው። በ1892 (እ.ኤ.አ.) ያስመዘገበው ሐሳብ ዘንጉን ራሱን መቅረጽ ነበር። ፀሐይ በየወሩ ከፍ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ሰሌዳው ላይ የሚያርፈው የተለያየ የዘንጉን ክፍል አልፎ ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ በእያንዳንዱ ከፍታ ላይ ለዚያ ወቅት ማስተካከያ የሚሆነውን ያህል ሆድ እንዲያወጣ ተደርጎ ቢሞረድ የጥላው ጠርዝ ትክክለኛውን ሰዓት ያሳያል። ቀለበቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከራቀ የተቀረጸው የዘንግ ክፍል ርዝመት 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትልቁ ሆድም ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። እዚህም ዘንጎቹ ሁለት መሆን አለባቸው፤ ምክንያቱም ፀሐይ በየካቲትና በጥቅምት በአንድ ከፍታ ላይ ብትገኝም በአንዱ ትዘገያለች፣ በሌላው ትቀድማለች። ማርቲን ቤርንሃርት የተባለ ጀርመናዊ በኋላ ይህንኑ ዘዴ አሻሽሎ ሠርቷል። ጥሩ ቶርኖ ያለው ማንኛውም ሱቅ ቁጥሩ ከተሰጠው ሊያወጣው ይችላል።

ማቆም፣ መትከል፣ መጠበቅ

የስሌቱ ጥራት ሁሉ ተከላው ላይ ሊበላሽ ይችላል። ሰሜን በኮምፓስ ብቻ መወሰን የለበትም፤ ማግኔታዊው ሰሜን ከእውነተኛው ይለያል፣ በውስጡ ፌሮ ያለበት ሲሚንቶም መርፌውን ይስበዋል። አስተማማኙ ዘዴ በጥንት የእስልምና የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዘንድ የህንድ ክብ ተብሎ የሚታወቀው ነው። በውሃ ልክ በተስተካከለ ወለል ላይ በቱምቢ ቀጥ የተደረገ ዘንግ ይተከላል፤ በዙሪያው ክብ ይሠመራል፤ ጠዋት ጥላው ክቡን ነክቶ ሲገባና ከሰዓት በኋላ ነክቶ ሲወጣ ሁለቱ ነጥቦች ይመዘገባሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። አቅጣጫው በአንድ ዲግሪ ቢሳሳት በበጋው ወራት ሰዓቱ እስከ 2 ደቂቃ ተኩል ሊዛባ ይችላል።

የጥላው ጠርዝ ምንጊዜም ብዥ ይላል። ፀሐይ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት ከሙሉ ጨለማ ወደ ሙሉ ብርሃን ለመሻገር 2 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በዘንግ ጥላ የሚሠራ ገበታ አንድ ደቂቃ በትክክል ቢያሳይ መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ጥራት የሚፈልግ ወደ ቀዳዳው መመለስ አለበት። የብረቱ ክንድ በቀትር ሙቀት እንዳይጣመም ወፍራም ቱቦላሬ ይመረጣል፤ መስመሮቹ በቀለም ከሚሣሉ ይልቅ ድንጋይ ላይ ቢቀረጹ ወይም በናስ ንጣፍ ቢሠሩ ይሻላል፤ ፀሐይዋ ቀለምን በጥቂት ዓመታት ታደበዝዘዋለች።

በወራት ስም የሚቀረጸው ማስተካከያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ቢከተል አንባቢው በቀላሉ ይጠቀምበታል። በየአራት ዓመቱ በጳጉሜን የሚጨመረው ቀን የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው፤ የጊዜ እኩልዮሽ በፍጥነት በሚለወጥበት በታኅሣሥ እንኳ፣ በቀን 30 ሴኮንድ ሲለወጥ፣ መካከለኛ ዋጋ ከተወሰደ ስሕተቱ ከሩብ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ የሚከብደው የኢትዮጵያ አማካይ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በጥቂት ደቂቃዎች መርዘሙ ነው። በዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ ቀኖች በሙሉ ከፀሐይ አንጻር ቀስ በቀስ ይሸጋሸጋሉ፤ ውሎ አድሮ ሚያዝያ 7 ቀን የነበረው መገናኛ ወደ ሚያዝያ 6 ይመጣል፣ ጥቅምት 24 የነበረው ጫፍም ወደ 23። በገበታው ጠርዝ ላይ ስሌቱ የተሠራበት ዓመትና ቀኖቹ ከረጅም ጊዜ በኋላ በአንድ እየተቀነሱ እንደሚነበቡ ሊቀረጽ ይገባል።